የሞቱት ፋብሪካዎች ወራሽ

በኢስፋሃን የብስክሌት ሠሪዎች ረድፍ፣ ባለሙያ ሲሞት የሱቁ ቁልፍ ወደ ቤቱ አይሄድም። ሱቆቹ የወቅፍ፣ ለበጎ ሥራ የተሰጡ ናቸው፤ ጥንት የሰጠችው ሴት «ሙያ ያለው ይሥራባቸው» ብላ ነው የሰጠች። ስለዚህ ቁልፉ አርባ ቀን ሙሉ በረድፉ ሽማግሌ ኪስ ውስጥ ይከርማል። በአርባው፣ ፋቲሃው ተቀርቶ ሃልዋው ከተበላ በኋላ፣ «እኔ ልቀመጥበት» የሚል ይመጣና እጁን ከጨርቅ በታች ይሰዳል።

ጨርቁ የተለየ ነገር አይደለም፤ ግራሶ የጠጣ አሮጌ የአልጋ ልብስ ነው። ከሥሩ የብስክሌት ዕቃ ይደረጋል። ሰውየው ሳያይ፣ በእጁ ብቻ ዳብሶ፣ ምን እንደሆነና የማን ሥራ እንደሆነ መናገር አለበት። የብስክሌት ሥራ ግማሹ ዓይን በማይደርስበት ቦታ የሚሠራ ነውና፤ ግራሶ ውስጥ፣ በጎማው እምብርት በሞዞው ሆድ፣ ከፔዳሉ ክንድ ኋላ። በዓይኑ ብቻ የሚያውቅ፣ የረድፉ ሰዎች እንደሚሉት፣ ገዢ ነው እንጂ ሠሪ አይደለም።

አክታር ይህን ሁሉ ስትሰማ ነው ያደገችው። እጇን ሰድዳ ግን አታውቅም። ማንም ሴት ሰድዳ አታውቅም።

እሷ የኡስታ ረጀብ አንድ ልጅ ናት። ኡስታ የሚባለው እጁ ላይ ሙያ ያደረበት ሰው ነው፤ አባቷም ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ስም ሲጠራ ኖሮ፣ አንድ ጠዋት ሞርሳው ላይ የፊት ሹካ እንዳሰረ፣ በርጩማው ላይ ቁጭ እንዳለ ቀረ። ያገኘው ጎረቤቱ ያዶላህ ነው። «ሰላም ስለው ዝም አለኝ፤ እኔ ደግሞ ትናንት ባበሸቅኩት ያኮረፈ መስሎኝ ሻይ ይዤለት ተመለስኩ» እያለ አርባ ቀን ሙሉ ላገኘው ሁሉ ሲያወራ ከረመ። ሲያወራም እያለቀሰ ነው።

ሱቁ ጠባብ ነበር፤ ሁለት ብስክሌት ከገባበት ሦስተኛው ሰው ይወጣል። ስለዚህ አባቷ የፈታውን ዕቃ ሁሉ በጆንያ ተሸክሞ ወደ ቤት ያመጣና በግቢው ገንዳ አጠገብ፣ ነጭ ጋዝ በተሞላ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ይዘረግፈው ነበር። አክታርና እናቷ ያጥባሉ፤ እያጠቡም ይለያሉ። ጋዙ ከመጀመሪያው ጆንያ በኋላ እንደ ቀለም ስለሚጠቁር ዓይን ምንም አይሠራም። እጅሽን ትነክሪያለሽ፣ የነካሽውን ትይዣለሽ፣ አውቀሽ ወደ ጣሳው ትወረውሪያለሽ። የሀምበር ጣሳ፣ የረጅ ጣሳ፣ የሄርኩለስ ጣሳ፣ የጀርመኑ የዱርኮፕ ጣሳ። እናቷ ከሞተች በኋላ ሥራውን አክታር ብቻዋን ያዘችው። አርባ አራት ዓመት ሲሞላትም በየሐሙሱ ከሳፋው አጠገብ ነበረች።

ከጣሳዎቹ ብዙዎቹ የሞቱ ፋብሪካዎች ስሞች ነበሩ። አንዱን ሌላው ገዝቶ ውጦታል፤ አንዱ በሩን ዘግቷል፤ የአንዱ ስም ብቻ ቀርቶ ሌላ አገር ሌላ ሰው ይለጥፈዋል። አባቷና ጓደኞቹ ግን እንደ ሟች ዘመድ ነበር የሚያነሷቸው። «ሀምበር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሹካውን ባለ ሁለት ቧንቧ አድርጎት ስንት ጉድጓድ አሻገረን» ይላል አንዱ። «ዊሊያምስ ደግ ነበር፣ ብረቱን ሳይሰስት ነው የሚሰጥ» ይላል ሌላው። ሄርኩለስ ድሃ አደግ ነበር፣ ግን አይከዳም። ሚለር ዲናሞው ያለቅስ ነበር፣ ብርሃኑ ግን የጨረቃ ነው። እንግዳ ሰው በአጠገባቸው ቢያልፍ ሰፈር ሙሉ ሰው በወረርሽኝ ያለቀባቸው ይመስለው ነበር።

አባቷ ጣሳዎቹን መልሶ ወደ ሱቅ ይወስዳቸው ነበርና፣ አሁን ሱቁ ውስጥ፣ ከቁልፉ ወዲያ ናቸው። ሱቁን ደግሞ የፈለገው ፋራማርዝ ነው።

ፋራማርዝ የአክታር አጎት ልጅ ነው፤ ከረድፉ ጫፍ የባትሪ ስኩተር ይሸጣል። ክፉ ሰው አይደለም። በቀብሩ ዕለት አስከሬን የተሸከመው እሱ ነው፤ በሰባተኛውም ቀን ሩዙን ያመጣው እሱ ነው። በሠላሳኛው ቀን ግን ሻይ ሊጠጣ መጥቶ፣ «የአጎቴ ልጅ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ እዚያ ሱቅ ያለውን ብረታ ብረት ለቆራሌው ነግሬዋለሁ፣ በሁለት ጋሪ ይወጣል ብሎኛል» አላት።

«የትኛውን ብረታ ብረት?» አለች አክታር።

«ጣሳ ውስጥ ያለውን ነዋ። ማን ይገዛዋል? ፋብሪካው እንኳ የለም እኮ!»

አክታር ስኳሩን ወደ እሱ ገፋችለት። ያን ቀን ግን ልቧ ውስጥ አንድ ነገር ተነሥቶ ቆመ፤ ከዚያ በኋላም አልተቀመጠም።

አርባው ዓርብ ከሰዓት ዋለ። ረድፉ ሁሉ ተዘግቶ፣ በሽማግሌው በሐጂ ኖስራት ሱቅ ደጃፍ አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ወንዶች ተቀምጠው ቁርኣኑን የቀሩት ሼኽ ከሄዱ በኋላ በሻይ ላይ ናቸው። አክታር ሃልዋውን በሰፊ ትሪ ይዛ መጣች። ይህ ያለ ነው፤ የሟች ልጅ ሃልዋ ታዞራለች፣ «አላህ ይማረው» ይሏታል፣ ትሄዳለች። አዞረች፤ አሏት፤ አልሄደችም። ትሪዋን እንደያዘች ከግድግዳው ተጠግታ ቆመች።

ሐጂ ኖስራት ሰማንያን የተሻገሩ፣ ሲናገሩ እያንዳንዱን ቃል እንደ ብሎን የሚያጠብቁ ሰው ናቸው። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ከፊታቸው ካለው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

«ረጀብ ሄደ» አሉ። «ቁልፉ ይኸው። ስድስት ዕቃ ነው፤ ስድስቱን ያወቀ ይወስደዋል። አንድ የሳተ ሳተ ነው። ሁሉንም ያወቀ ካልተገኘ እጁን ከሰደደው የሥጋ ዘመድ አይወጣም። ማነው?»

«እኔ» አለ ፋራማርዝ፤ የሸሚዙን እጅጌ እየሰበሰበ።

ጨርቁ ተዘረጋ። የመጀመሪያው ዕቃ ከሥሩ ገባ። ፋራማርዝ ዳበሰ፣ አገላበጠ፣ ወደ ሰማይ አየ።

«ፔዳል ነው። የቻይና።»

«አይደለም» አሉ ሐጂ።

ሁለተኛው ገባ። «ይኼ… ይኼም የቻይና ነው።» እውነትም ነበረ። ሦስተኛው ገባ። «ቻይና!»

ያዶላህ ሆዱን ይዞ ተነሣ። ወፍራም ነው፤ ሲስቅ አግዳሚው አብሮት ይስቃል። «አንተ ልጅ፣ የገዛ ጆሮህን ብትነካም ቻይና ልትል ነው?»

«ያዶላህ፣ ተወኝ! ሐሳቤን አትበትን!»

«ያለህን ነው የሚበትኑት።»

ከስድስቱ ሁለቱን አገኘ፤ ሁለቱም በእርግጥ የቻይና ነበሩ። እጁን እየጠረገ ሳቀ እንጂ አላፈረም። «ሐጂ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ዛሬ ዕቃ የሚታወቀው በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ነው። እናንተ የምትጠሩት የሙታን ስም ነው። ለማንኛውም እጄን ሰድጃለሁ፤ ዘመድም ነኝ።»

ሐጂ ዙሪያውን ቃኙ። «ሌላ አለ?»

ማንም አልተነሣም። ሁሉም የየራሱ ሱቅ አለው። የሐጂ እጅ ወደ ቁልፉ ሲሄድ አክታር ትሪዋን መሬት አስቀመጠችው። ባዶ ትሪ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ይጮሃል፤ ሁሉም ዞሩ።

«እኔ አለሁ» አለች።

ሐጂ ኖስራት መነጽራቸውን አወለቁ። «አክታር፣ ልጄ፣ ኀዘን ላይ ነሽ። ዛሬ የምትናገሪውን ነገ…»

«ነገ ቆራሌው ይመጣል፣ ሐጂ። ነገ ምን እላለሁ?»

«ሴት ልጅ እኮ በረድፉ…» ብሎ አንዱ ከኋላ ጀመረ።

ያዶላህ አላስጨረሰውም። «ደንቡ ላይ ጢም ይኑረው የሚል እኔ አልሰማሁም። ሙያ ያለው ነው የሚለው። ሱቁን የሰጠችውስ ማናት? ሴትዮ ናት! እሷ ራሷ ዛሬ ከመቃብር ብትነሣ አንተ ልትመልሳት ነው?»

ሐጂ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ሌላ ዕቃ ከጨርቁ ሥር ከተው፣ «እጅሽን ስደጂ» አሉ።

አክታር የሻርፗን ጫፍ ወደ ኋላ ሸጎጠችና ከጨርቁ በታች እጇን ላከች። ብረት ነካች። ያዘችው። ጣቶቿ ግን ዝም አሉ። የነካችው ደረቅ፣ ቀዝቃዛ፣ የማያናግር ነገር ነው። ፔዳል እንደሆነ አወቀች፤ የማን እንደሆነ ግን ሊመጣላት አልቻለም። ግራ እጇን ጨመረች። አሁንም የለም። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን ሰው መንገድ ላይ አግኝታ ስሙ እንደጠፋባት ሆነች።

«ጊዜው እኮ ይሄዳል» አለ ፋራማርዝ፤ በክፋት ሳይሆን እየጨነቀው።

ያን ጊዜ ነው የገባት። እጇ እነዚህን ዕቃዎች ደረቅ ሆነው አያውቃቸውም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ የነካቻቸው ጋዝ ውስጥ ነው።

«ነጭ ጋዝ አምጡልኝ» አለች። «በሳፋ።»

ሳቅ ፈነዳ። «ልታጥበው ነው እንዴ?» «የባልትና ፈተና መስሏት ይሆን!» ፋራማርዝም፣ «ሐጂ፣ መዘፍዘፍ በደንቡ አለ እንዴ?» አለ።

«አይታይም አይደል?» አሉ ሐጂ። «ካልታየ ይዘፍዘፍ።»

ያዶላህ ራሱ ሮጦ ከሱቁ የሥራ ሳፋውን አመጣው፤ ጋዙ ቡና መስሎ ነበር። ጨርቁን በላዩ ላይ ዘረጉት፣ ፔዳሉን ከሥሩ ለቀቁት። አክታር እጇን ነከረች። ሽታው ወደ አፍንጫዋ ሲወጣ የግቢው ገንዳ፣ የእናቷ ጉልበት፣ የጣሳዎቹ ኳኳታ አብሮ ወጣ። ጣቶቿ ነቁ።

«ብራምፕተን» አለች። «የግራ እግር ነው። የአቧራ ክዳኑ ጠፍቷል፤ በሌላ ክዳን ተተክቷል።»

ሐጂ ጨርቁን ገልጠው አዩ። ሁለተኛውን ከተቱ።

ሁለተኛውን ገና ሳትይዘው ፈገግ አለች። ትልቅ የካቴና ጥርስ ነው፤ ፔዳሉ የሚያዞረው ጥርሳም ክብ። በመሃሉ በብረት የተቀረጹ አምስት ትንንሽ ሰዎች እየሮጡ ይዞራሉ። «ሀምበር፣ ነፍሱን ይማረው። ይኼንስ ለሕፃን ነው የሚሰጡት፣ ሐጂ። እኔ ልጅ ሆኜ ለአምስቱም ስም አውጥቼላቸው ነበር።»

«ስማቸው ፈተናው ላይ የለም» አሉ ሐጂ፤ ጢማቸው ግን ተነቃነቀ።

ከዚያ በኋላ እየፈጠነች ሄደች። የፊት ሞዞ ሰጧት፤ የዘይቷን ቀዳዳ ክዳን በጥፍሯ ገፋ አድርጋ፣ «ፔሪ ነው። የሌሎቹ ይከፈታሉ፤ ይኼ ይለመናል» አለች። ዲናሞ ሰጧት፤ ጎማ የምትነካውን ራሷን አንድ ጊዜ አዙራ፣ «ሚለር» አለች፤ እና አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ «ወይ ሚለር! በእሱ ብርሃን ነበር እኮ ሚስቴን ያመጣኋት» ብሎ ዓይኑን ጠረገ። አምስተኛው የኮርቻ ሞላ ነበር። እዚህ ላይ ቆየች። ሁለት ስሞች አፏ ላይ ተጋፉ። ሞላውን ጨመቀችው፤ ለቀቀችው፤ እንደገና ጨመቀችው። ይህ ነገር የእናቷን ጣት ቆንጥጦ ጥፍሯን ያወለቀ ነው። እናቷ ያን ቀን የሰደበችውን ስም አስታወሰች።

«ላይሴት» አለች።

ሐጂ ገልጠው አዩ። አሁን ማንም አይስቅም። የሻይ ብርጭቆዎች ሁሉ ጉልበት ላይ ቀርተዋል። ፋራማርዝ ቆሟል።

«አንድ ቀረ» አሉ ሐጂ ኖስራት። ተነሥተው እየተንቀራፈፉ ወደ ሱቃቸው ገቡ። ከውስጥ ብረት ከምስማር ሲወርድ ድምፅ ተሰማ። በወንዶቹ መካከል ሹክሹክታ ሄደ፤ ያን ምስማር ሁሉም ያውቀዋልና። በሐጂ ግድግዳ ላይ፣ ከሟች ወንድማቸው ፎቶ ጎን፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት የተሰቀለ የፊሊፕስ የካቴና ጥርስ አለ። ለጎብኚ ሁሉ ያሳዩታል። «ብረት ማለት ይህ ነበር» ይላሉ።

ዕቃው በጀርባቸው ተደብቆ መጣና ከጨርቁ በታች ሰጠመ። ያዶላህ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጠረጋውም «እህ… ፊ… ፊህ…» የሚል ነበር።

«ያዶላህ፣ አፍህን ያዝ!» አሉ ሐጂ።

«አስም ነው፣ ሐጂ። ከልጅነቴ።»

አክታር ያዘችው። ሦስት ማዕዘን መስለው የተቀደዱት መስኮቶቹ የፊሊፕስ ናቸው። ውፍረቱ የፊሊፕስ ነው። ጥርሶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብለዋል፤ ብዙ ዓመት ካቴና እንደጎተታቸው። ቃሉን ልትናገር አፏን ከፈተች። ያኔ የትንሿ ጣቷ ጥፍር በሁለት ጥርስ መካከል ያለው ጎድጓዳ ውስጥ ገባና አንድ ነገር ኮረኮራት።

መስመር ነው። ቀጫጭን፣ የተደራረበ፣ የሞረድ መስመር።

እጇ ጋዙ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት፣ ከኢራቅ ጋር በነበረው ጦርነት ዘመን፣ ከውጭ ምንም በማይገባበት ዓመት፣ ብስክሌቶች በጥርስ እጦት በየግድግዳው ተደግፈው ቆመው ነበር። አባቷ ከአንድ የተቃጠለ የጭነት መኪና ወፍራም ላሜራ ቆርጦ አመጣና ግቢው ውስጥ አንድ የፊሊፕስ ጥርስ ከላዩ አስቀምጦ ዙሪያውን በምስማር ጫረ። ሲቆርጥ፣ ሲሞርድ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በዚህ ረድፍ ያደገ ሰው ዕቃ ሲቀዳ እንደ ኑዛዜ ነው የሚቀዳው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ግን ለናሙና የያዘው ጥርስ ሃያ ዓመት የተነዳ፣ ያረጀ ነበር። እሱም እርጅናውን አብሮ ቀዳው። አዲሱ ጥርስ አርጅቶ ተወለደ። ካቴና ሲያስሩበት ዘለለ። ሠርቶ ለአዟሪ ነጋዴ የሰጣቸው ሁሉ ዘለሉ። አባቷ ለማንም አልተናገረም፤ ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ከረመ። የጥርሶቹን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ ያለሰለሰችው የአሥራ አንድ ዓመቷ አክታር ናት። ጎድጓዳው ውስጥ ግን ወረቀቱን የያዘ የልጅ ጣቷ እንኳ አልገባላትም ነበር።

እና አሁን ይኸው እጇ ላይ።

«ፊሊፕስ» ብትል ቁልፉ የሷ ነው። ሐጂ ይደሰታሉ፣ ያዶላህ ይጨፍራል፣ ማንም አያውቅም። እውነቱን ብትል ግን ፈራጁን በሰው ፊት ማዋረድ ነው፤ በገዛ ዕቃቸው። ከዚያም በላይ አባቷ ራሱ የደበቀውን ስሕተት በአርባው ቀን ማውጣት ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ አለች በልቧ። ጥርሱን እንደገና ዳበሰችው። እያንዳንዱ ጎድጓዳ፣ እያንዳንዱ መስመር፣ አባቷ ትንፋሹን ይዞ የገፋው ነው። ይህን ይዛ የሌላ ሰው ስም መጥራት አልሆነላትም።

«በይ እንጂ» አለ ፋራማርዝ። «አንድ ቃል እኮ ነው!»

«ፊሊፕስ አይደለም» አለች አክታር።

ያዶላህ ራሱን ያዘ። አንዱ፣ «ወይኔ! እዚህ ደርሳ!» አለ። የሐጂ ፊት እንደ በር ተዘጋ።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይህ ዕቃ ሠላሳ ሦስት ዓመት ግድግዳዬ ላይ ኖሯል።»

«የኖረበትን አይደለም ያልኩት፣ ሐጂ። የሠራውን ነው።»

«ታዲያ ማን ሠራው?»

«አባዬ።»

«ሰማችሁ?» አለ ፋራማርዝ፤ ድምፁ ተሰበረ እንጂ ደስ አላለውም። «በአርባው ቀን አጎቴን ፎርጅድ ሠሪ አደረገችው!»

አክታር ጥርሱን ከጋዙ አውጥታ፣ ጨርቁን በራሷ እጅ ገፍፋ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጥቁሩ ጋዝ በክርኗ ይንጠባጠባል። «ፎርጅድ ስም የሚሰርቅ ነው፣ ፋራማርዝ። እዚህ ላይ ስም አለ? ገልብጠህ እየው። የለም። ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያረጀ ጥርስ ማን ነው የሚበላው?»

«ካቴና።»

«ካቴና የበላው ምን ይመስላል?»

«መስታወት ነው የሚመስለው።»

«እንግዲህ ጎድጓዳው ውስጥ ጥፍርዎን ይስደዱ። መስታወት ከሆነ እኔ ሳትኩ። ቁልፉን ይስጡት።»

ሽማግሌው ጥርሱን አነሡ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ወደ መጀመሪያው ጎድጓዳ ገባ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው። ከዚያ ክቡን ሙሉ፣ አንድም ሳይዘሉ፣ አርባ ስድስቱንም ዞሩት። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተቀመጡ።

«ሞረድ ነው» አሉ። «ካቴና የበላው አይደለም።»

ፋራማርዝ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«በጦርነቱ ጊዜ ነው» ብላ አክታር ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ላሜራውን፣ ናሙናውን፣ አባቷ ለማንም ያልተናገረውን ኀፍረት። ሐጂ እያዳመጡ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሏቸው ሁለት ሰዎች ሊደግፏቸው ተነሡ። ሽማግሌው ግን እየሳቁ ነበር።

«ከአንድ አዟሪ ነው የገዛሁት!» አሉ። «አሰርኩት፣ ዘለለብኝ። ‹ምስኪን ፊሊፕስ፣ አርጅቶብኛል፣ ይረፍ› ብዬ ሰቀልኩት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ለሰው ሁሉ ሳሳይ! ‹እንዲህ ያለ ብረት የሚያውቁት እንግሊዞች ብቻ ናቸው› ስል! ረጀብም እዚህ ቁጭ ብሎ ሻዩን እየጠጣ ይሰማኝ ነበር!»

«ምንም አላለም?» አለ ያዶላህ።

«ምን ይላል? አንድ ቀን ብቻ፣ ‹ሐጂ፣ እውነት ጥሩ ብረት ነው?› አለኝ። ‹ከዚህ የተሻለ የለም› አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ። እኔ ለፊሊፕስ የተደሰተ ነበር የመሰለኝ!»

አሁን ሁሉም ሳቁ፤ በሳቁ ውስጥም ዓይናቸውን የጠረጉ ነበሩ። ያዶላህ ግን በድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ። «ቆይ፣ ቆይ። ሐጂ፣ እኔም የተፈተንኩት በዚሁ አይደለም እንዴ? ‹ፊሊፕስ› ብዬ አይደል ቁልፍ የሰጡኝ?»

«አንተም፣ ያ የተቀመጠው ማሹላህም፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ወንድማማቾችም።»

«ታዲያ ሊነጥቁን ነው? እኔ ለቤቴ ሰዎች ምን ብዬ ልገባ ነው?»

«አንተንስ ሌላ ጊዜ አስብበታለሁ» አሉ ሐጂ።

ከዚያ ተነሡ። ሲነሡ ሌሎቹም ተነሡ። «ስሙኝ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ጠበቀ። «በዚያ ዓመት ፊሊፕስም፣ ሄርኩለስም፣ ሀምበርም አልደረሱልንም። ሊደርሱም አይችሉም ነበር። እኛ ሁላችን እጃችንን አጣጥፈን ሬዲዮ ስናዳምጥ አንድ ሰው ከተቃጠለ መኪና ጥርስ አውጥቷል። ተሳስቷል። የተሳሳተው ግን እየሠራ ነው። በዚህ ረድፍ የሞቱ ፋብሪካዎችን ስም ስንቆጥር ኖረናል፤ አንዱን ግን ዘለነዋል። የረጀብን። ይህች ልጅ አምስቱን አወቀች፤ ስድስተኛውን ከእኔ ይልቅ አወቀች።»

ቁልፉን አንሥተው ጨርቁ ላይ፣ በፊቷ አኖሩት።

«ጥርሱን ግን አልሰጥሽም» አሉ። «ወደ ምስማሩ ይመለሳል። ከእንግዲህ ማን እንደሠራው እናገራለሁ። የጠየቀኝን ሁሉ፤ ያልጠየቀኝንም።»

አክታር ቁልፉን አነሣች። እጇ በጋዝ ስለራሰ አንሸራተታት፤ በሁለት እጇ ያዘችው። ልታለቅስ ትችል ነበር፤ አርባ ቀን ሙሉ ለማልቀስ ምክንያት አላጣችም። ያን ሰዓት ግን ደረቷ ውስጥ የሚጋልብ ነገር ነበር፤ ለእንባ መንገድ አልለቀቀም።

ፋራማርዝ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ። «የአጎቴ ልጅ፣ ለቆራሌው ምን ልበለው?»

«ሱቁ ውስጥ የሞተ የለም በለው።»

«ይሰድበኛል።»

«‹የቻይና ነው› ብለህ ሽኘው!» አለ ያዶላህ፤ ረድፉ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። ፋራማርዝም ሳቀ፤ ሳቁም ከልቡ ነበር። ከዚያ የሱቁን መዝጊያ ከሥሩ ይዞ፣ አርባ ቀን ዝጎ የከረመውን ቆርቆሮ ከእሷ ጋር ወደ ላይ ገፋው። ጩኸቱ እስከ ከተማው ድልድይ ሳይሰማ አልቀረም።

በነጋታው ቅዳሜ ጠዋት አክታር በርጩማውን ወደ በሩ አስጠግታ፣ መጎናጸፊያዋን ወገቧ ላይ አስራ ተቀመጠች። ጣሳዎቹ በየቦታቸው ናቸው። ሳፋው በቀኟ ነው፤ ከቤት አምጥታዋለች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ዳቦ አመላላሽ ጥቁር ብስክሌቱን እየገፋ ደጃፉ ላይ ቆመ። ወደ ውስጥ አሻግሮ አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ወደ ውስጥ አየ።

«ኡስታው የሉም እንዴ?» አለ።

«አለሁ» አለች አክታር። «ምን ሆኖብህ ነው?»

ሰውየው ትንሽ አመነታ። ዳቦው ግን ይቀዘቅዝበታል። «ከታች ይንቋቋል» አለ። «ከየት እንደሆነ አልታየኝ አለ።»

«አይታይም» አለችው፤ እጅጌዋንም ሰበሰበች። «አስገባው።»